ኮቪዱ ሄዶ ትንፋሻችሁ ላልተመለሰላችሁ፦ ከየት እንደምትጀምሩ ደረጃ በደረጃ

እኔን የያዘኝ መጋቢት 2013 ላይ ነው፣ ያ አዲስ አበባ ውስጥ ሰው ኦክስጅን ፍለጋ ሲንከራተት የነበረበት ጊዜ። ሆስፒታል አልተኛሁም፣ ቤት ሆኜ ነው ያሳለፍኩት፣ ሁለት ሳምንት ትኩሳትና ሳል ከዛ ኔጌቲቭ ወጣሁና ተመስገን ብዬ ስራ ገባሁ። ነገሩ የታወቀኝ ደረጃው ላይ ነው። የምኖረው ኮንዶሚኒየም 4ኛ ፎቅ ነው ሊፍት የለውም፣ ድሮ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይዤ የምወጣው ሰውዬ ባዶ እጄን 2ኛ ፎቅ ላይ ብረቱን ይዤ ቆሜ ቀረሁ። የጎረቤት ልጅ "ጋሼ ውሃ ላምጣልዎት?" ስትለኝ መልስ የምሰጥበት ትንፋሽ እንኳን አልነበረኝም፣ እጄን ብቻ አወዛወዝኩላት። ሶስት ወር ጠበቅኩ፣ አምስት ወር ጠበቅኩ፣ ያው ነው።

ሐኪም አይደለሁም። ግን ብዙ ከተንከራተትኩ በኋላ አንዲት የሳንባ ስፔሻሊስትና አንድ ፊዚዮቴራፒስት መስመር አስያዙኝ፣ እዚህ የምጽፈው ያን ጊዜ ማን በነገረኝ ያልኩትን ነው፣ በቅደም ተከተሉ። ከሁሉም በፊት አንድ ነገር ልበላችሁ፣ ትንፋሽ ማጠር የበሽታ ስም አይደለም። ከኮቪድ በኋላ ትንፋሽ የሚያጥረው አንዱ ሳንባው ላይ ያልጠፋ ብግነት ወይ ጠባሳ ኖሮበት ነው፣ አንዱ ሳንባው ውስጥ ደም ረግቶበት፣ አንዱ ልቡ ተነክቶ፣ አንዱ ጡንቻው ተኝቶ ሟሙቶ፣ አንዱ ደግሞ አተነፋፈሱ ራሱ ተበላሽቶበት በደረቱ ጫፍ ብቻ እየተነፈሰ ነው። ለሁሉም መፍትሄው ይለያያል። ስለዚ ጎረቤታችሁን ያዳነው መድሃኒት እናንተን ሊጎዳ ይችላል፣ መጀመሪያ የናንተ የትኛው እንደሆነ ማወቅ ነው።

ደረጃ 1፦ የማይጠበቅበትን ለዩ

እነዚህ ካሉ ይሄን ጽሁፍ ዝጉትና ተነሱ፦ ቁጭ ብላችሁ እንኳን አንድ አረፍተ ነገር መጨረስ ካቃታችሁ፣ ከንፈራችሁ ከጠቆረ ወይ ሰማያዊ ከሆነ፣ አየር ስትስቡ ድንገት ደረታችሁን የሚወጋ ህመም ከጀመራችሁ፣ ደም የቀላቀለ አክታ ከወጣ፣ ራሳችሁን ከሳታችሁ፣ ወይ አንድ እግራችሁ ብቻ አብጦ ባታችሁን ካመማችሁ። የመጨረሻዋን ሰው ይንቃታል፣ "እግሬን ነው እኮ ያመመኝ" ይላል። ኮቪድ ደም የማርጋት ባህሪ አለው፣ እግር ላይ የረጋው ደም ተነቅሎ ሳንባ ውስጥ ገብቶ የደም ስር ይዘጋል፣ በሰዓታት ውስጥ ሰው ሊገድል ይችላል። ኢትዮጵያ ውስጥ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው፣ አሜሪካ 911፣ አውሮፓ 112፣ እስራኤል 101። አምቡላንስ ከዘገየ ባገኛችሁት መኪና ሂዱ።

ደረጃ 2፦ ቤት ውስጥ በትክክል መለካት

ጣት ላይ የምትሰካዋን የኦክስጅን መለኪያ ብዙ ሰው ገዝቶ አስቀምጧል፣ በትክክል የሚጠቀምባት ግን ጥቂት ነው። 5 ደቂቃ ቁጭ በሉ፣ እጃችሁ ከቀዘቀዘ አሹት፣ ጥፍር ቀለም ካለ አጥፉት፣ እንሶስላ ወይ ሂና የተቀባ ጣት ከሆነ ያልተቀባ ጣት ፈልጉ። ከሰካችሁ በኋላ መጀመሪያ የምታሳየውን ቁጥር አትመኑ፣ አንድ ደቂቃ ያህል ጠብቁና ሲረጋ አንብቡ።

አሁን ቁጥሩ (ደም ውስጥ ያለው ኦክስጅን በመቶኛ ማለት ነው) ስንት ሲሆን ጥሩ ነው የሚለው ላይ በደንብ ልቆይ፣ ምክንያቱም ሰው በከንቱ የሚደነግጠውም በከንቱ የሚዘናጋውም እዚህ ጋ ነው። ኢንተርኔት ላይ የምታነቡት "ከ95 በላይ" የሚለው ለባህር ጠረፍ ሰው ነው። አዲስ አበባ ከባህር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ አየሩ ሳሳ ያለ ነው፣ እዚህ ጤነኛ ሰው 92 ወይ 93 ቢያሳይ ብርቅ አይደለም። አዳማ ወርዳችሁ ስትለኩ ቁጥሩ ከፍ ቢል ሳንባው ዳነ ማለት አይደለም፣ አየሩ ስለወፈረ ነው። ስለዚ የራሳችሁን መነሻ እወቁ። ፊዚዮቴራፒስቱ ያሳየኝ ዘዴ ቀላል ናት፣ ቤት ውስጥ ያለ ጤነኛ ሰው በዛችው መለኪያ በዛችው ሰዓት ይለካ። ባለቤቴ 94 እኔ 90 ስንሆን ነው ነገሩ የምር መሆኑ የገባኝ፣ መለኪያዋ ተበላሽታ ነው እንዳልል እሷ ላይ በትክክል ሰርታለች። አዲስ አበባ ላይ ቁጭ ብላችሁ ከ90 በታች ተመላልሶ ካሳያችሁ ቀጠሮ ሳትጠብቁ ሐኪም ጋ ሂዱ።

ሌላው መታወቅ ያለበት፣ መለኪያዋ ጥቁር ቆዳ ላይ ከእውነተኛው ከፍ አድርጋ ልታሳይ ትችላለች። ይሄ ወሬ አይደለም፣ እ.ኤ.አ በ2020 መጨረሻ አሜሪካ ሚሺጋን የወጣ ጥናት በመለኪያዋ ሳይታወቅ ያለፈ የኦክስጅን እጥረት ጥቁር ታካሚዎች ላይ ከነጮቹ ሶስት እጥፍ ገደማ እንደሆነ አሳይቷል። ስለዚ ቁጥሩ ጥሩ ሆኖ እናንተ ግን እየታፈናችሁ ከሆነ ሰውነታችሁን እመኑ፣ ውጭ ያላችሁም ለሐኪሙ ይሄን ለመናገር አትፈሩ።

ቁጭ ብሎ ጥሩ የሚያሳይ ሰው ሲንቀሳቀስ ሊወርድበት ይችላል፣ ይሄን ለማየት የአንድ ደቂቃ ፈተና አለ። ደረታችሁን የሚያማችሁ ከሆነ፣ ቁጭ ብላችሁ ራሱ ቁጥሩ ዝቅ ያለ ከሆነ፣ ወይ የልብ ችግር ካለባችሁ ቤት ውስጥ አትሞክሩት። ለሌላችሁ ግን አጠገባችሁ ሰው ይኑር፣ መደገፊያ ክንድ የሌለው ወንበር ግድግዳ አስጠግታችሁ ተቀመጡ፣ መለኪያዋን ሰክታችሁ እጃችሁን ደረት ላይ አጣምሩ፣ ለ1 ደቂቃ በራሳችሁ ፍጥነት ተነሱ ተቀመጡ። ስንቴ እንደሆነ ይቆጠር። ከጨረሳችሁ በኋላ ቶሎ አትንቀሉት፣ ትልቁ መውረድ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ካቆማችሁ በኋላ ባለው 1 እና 2 ደቂቃ ውስጥ ነው። ከመነሻው 3 እና ከዛ በላይ ከወረደ ምርመራ የሚያስፈልገው ነገር አለ ማለት ነው፣ ጽፋችሁ ያዙት።

ደብተር ግዙ። በቃ ተራ የተማሪ ደብተር። ቀን፣ ቁጭ ብሎ ስንት፣ ከተንቀሳቀሱ በኋላ ስንት፣ ትንፋሹ ከ0 እስከ 10 ስንት እንዳጠረ፣ ያን ቀን ምን እንደሰራችሁ። ሁለት ሳምንት ከጻፋችሁ ሐኪም ፊት ባዶ እጃችሁን አትቀርቡም።

ደረጃ 3፦ ሐኪም ጋ ምን ይዛችሁ ትገባላችሁ

እኔ መጀመሪያ የሄድኩበት ክሊኒክ ሶስት ጊዜ አንቲባዮቲክ ሰጥተው ሸኙኝ፣ አራተኛው ላይ "ጭንቀት ነው ወንድሜ ተዝናና" ተባልኩ። ደረቴን በማዳመጫ እንኳን የነካኝ አልነበረም። ያን ቀን ታክሲ ውስጥ እንባዬን ነው የዋጥኩት። አሁን ሳስበው ጥፋቱ የነሱ ቢሆንም እኔም "ያመኛል፣ ይደክመኛል" ብቻ ነበር የምላቸው። ሐኪም የሚሰማው ልዩነት ሲነገረው ነው። እንዲህ በሉ፦ "ዶክተር፣ ከኮቪድ በፊት 4ኛ ፎቅ ሳላርፍ ነበር የምወጣው፣ አሁን 6 ወሬ ነው 2ኛው ላይ ቆሜ ማረፍ አለብኝ፣ ቁጭ ብዬ 92 ነኝ ተነስቼ ስቀመጥ 87 እገባለሁ።" እንዲህ ተብሎ "ተዝናና" የሚል ሐኪም ካጋጠማችሁ ሌላ ጋ ሂዱ፣ ይሉኝታ አይያዛችሁ።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ በ2021 ያወጣው የሎንግ ኮቪድ ትርጉም፣ ከታመሙ 3 ወር ሲሆን የሚታይ፣ ቢያንስ 2 ወር የቆየ እና በሌላ በሽታ የማይገለጽ ምልክት ይላል። የመጨረሻዋ ሃረግ ናት ቁም ነገሯ፣ ሌላውን ሳይመረምሩ "የኮቪድ ርዝራዥ ነው" ማለትም ልክ አይደለም። እኛ አገር ደግሞ ቅድሚያ የሚመረመረው ቲቢ ነው። ኢትዮጵያ ቲቢ በብዛት ካለባቸው 30 አገሮች አንዷ ናት፣ ሳል 2 ሳምንት ካለፈው፣ ማታ ማታ ላብ ካለ፣ ክብደት ከቀነሰ አክታ ይመርመር፣ ጂን ኤክስፐርት የሚሉት ማሽን አለ፣ በመንግስት ጤና ጣቢያና ሆስፒታል የቲቢ ምርመራም መድሃኒትም በነጻ ነው። ውጭ ያላችሁ ደግሞ የመጣችሁበትን አገር ለሐኪሙ ንገሩት፣ ቲቢን እዛ ማንም ቀድሞ አያስበውም።

ከዛ የምትጠይቁት፦ የደረት ኤክስሬይ፣ የደም ምርመራ ደም ማነስን ጨምሮ፣ ኢሲጂ (የልብ ምትን በኤሌክትሪክ የሚያነበው)፣ እንደ ሁኔታው የልብ አልትራሳውንድ። ሳንባ ምች የነበረበት ሰው ከ12 ሳምንት በኋላ ኤክስሬዩ ተደግሞ መታየት አለበት። ኤክስሬዩ ንጹህ ሆኖ ኦክስጅኑ የሚወርድ ከሆነ ሲቲ ስካን ያስፈልጋል፣ ኤክስሬይ የማያሳየው ብዙ ነገር አለ፣ የረጋ ደም ከተጠረጠረ ደግሞ ደም ስር ውስጥ ቀለም ተሰጥቶ የሚነሳው ሲቲ ነው የሚያሳየው። ስፓይሮሜትሪ የሚባል ቱቦ ውስጥ በሃይል የምትነፉበት ምርመራም አለ፣ አስምን ለመለየት ይጠቅማል። የሳንባ ስፔሻሊስት ከፈለጋችሁ ጥቁር አንበሳ ከ10 ዓመት በላይ ራሱ ሲያሰለጥን ቆይቷል፣ ሪፈር ማጻፍና ወረፋ መጠበቅ ግን ትዕግስት ይጠይቃል። ፊልሙን፣ ሲዲውን፣ የውጤት ወረቀቱን በሙሉ ይዛችሁ ውጡ፣ ሌላ ቦታ እንደገና ከመክፈል ያድናችኋል።

የኔ ሲቲ ላይ የታየው ሁለቱ ሳንባ ታች ታች በኩል የቀረ ብግነት ነበር። ሐኪሟ ስክሪኑን ወደኔ አዙራ ጉም የመሰለውን ነጭ ነገር በእስክሪብቶ እያሳየች "ይሄ ጉም የመሰለው በወራት ውስጥ ሊጠራ ይችላል፣ ይሄ እንደ ክር የተሰመረው ጠባሳ ነው እሱ ሊቀር ይችላል" አለችኝ። ያቺ ልዩነት ትልቅ ናት። ብዙ ሰው ሪፖርቱ ላይ "ፋይብሮሲስ" (ጠባሳ ማለት ነው) የምትል ቃል አይቶ አለቀልኝ ይላል፣ በመጀመሪያዎቹ ወራት ከሚታየው ብዙው ግን በጊዜ የሚሻሻል ነው።

ደረጃ 4፦ ከፋርማሲ በራሳችሁ አትግዙ

ፕሬድኒሶሎን እና ዴክሳሜታዞን፣ ስቴሮይድ የሚባሉት ብግነት የሚቀንሱ መድሃኒቶች። ኮቪድ ጊዜ ዴክሳ ሰው አድኗል ተብሎ አሁንም ሰው እንደ ከረሜላ ነው የሚገዛው። አዎ አድኗል፣ ኦክስጅን ላይ ለነበሩ ለከበደባቸው ታካሚዎች፣ ለጥቂት ቀን። ከወራት በኋላ በራሳችሁ ስትወስዱት ስኳር ይጨምራል፣ ግፊት ይጨምራል፣ አጥንት ያሳሳል፣ የተኛ ቲቢ ካለ ይቀሰቅሰዋል። አንዳንድ አይነት የሳንባ ብግነት በስቴሮይድ በደንብ ይድናል፣ እሱን ግን ሲቲ ያየ ስፔሻሊስት ይወስን። ለሳምንታት እየወሰዳችሁ የቆያችሁ ካላችሁ ደግሞ ይሄን አንብባችሁ በአንዴ እንዳታቆሙት፣ አደጋ አለው፣ በሐኪም ቀስ እየተባለ ነው የሚቀነሰው።

ባህር ዛፍ፣ ጦስኝ፣ ዝንጅብል መታጠን? ጉሮሮ ላይ ለጊዜው ቀለል ያደርግ ይሆናል፣ ሳንባ ውስጥ ያለውን ጠባሳ ግን አያጠፋም፣ የፈላ ውሃ ድስት ላይ ተከናንቦ የተቃጠለ ሰው ደግሞ አለ። ሻይው ይሻላችኋል። ጠበል የምትሄዱም ሂዱ፣ መድሃኒታችሁን ግን ይዛችሁ፣ እንጦጦ ከሆነ ደግሞ 3,000 ሜትር ገደማ መሆኑን አስቡ፣ ዳገቱን በእግር አትሞክሩት።

ደረጃ 5፦ ትንፋሽን እንደገና መማር

ይሄ ነው እኔን የቀየረኝ፣ ምንም ገንዘብም አይጠይቅም። ግማሽ ጋደም ብላችሁ ወይ ተደግፋችሁ ተቀመጡ፣ ትከሻችሁን ጣሉት። አንድ እጅ ደረት ላይ አንድ እጅ ሆድ ላይ። በአፍንጫ ቀስ ብላችሁ ስትስቡ መነሳት ያለበት የሆዱ እጅ ነው። መጀመሪያ ቀን የኔ የሚነሳው የደረቱ ብቻ ነበር፣ ሆዴ ድንጋይ ነው፣ ለወራት አንገቴና ትከሻዬ ነበር ሲተነፍስልኝ የከረመው፣ ለካ ማታ ማታ አንገቴን የሚያመኝ ለዛ ነው። በቀን ሶስት አራት ጊዜ ለ5 ደቂቃ ያህል አድርጉት።

ሁለተኛው ከንፈርን ሰብሰብ አድርጎ ማስወጣት ነው። የበራ ጧፍ ፊታችሁ እንዳለ አስቡ፣ እሳቱ ሳይጠፋ ጎንበስ እንዲል ብቻ እፍ ትሉታላችሁ። ስትስቡ ሁለት ቁጠሩ፣ ስታስወጡ አራት። ጉልበት የሚጠይቀውን ነገር ሁሉ በማስወጫው ላይ ስሩት፣ ጀሪካን ስታነሱ አስወጡ፣ ጫማ ለማሰር ስትጎነበሱ አስወጡ። ትንፋሽን አፍኖ ማንሳት ነው የሚጥለን።

ሲያፍናችሁ የሚያሳርፍ አቀማመጥ አለ። ወንበር ላይ ወደፊት ጎንበስ ብላችሁ ክርናችሁን ጉልበት ላይ ማሳረፍ፣ ወይ ጠረጴዛ ላይ ትራስ አድርጎ መደገፍ፣ መንገድ ላይ ከሆናችሁ ጀርባችሁን ግድግዳ አስደግፋችሁ እግራችሁን ትንሽ ወደፊት ማስቀደም። ብዙ ሰው ሲያፍነው ጀርባውን ቀጥ አድርጎ እጁን ወደ ላይ ይሰቅላል፣ ተቃራኒውን ነው የሚያስፈልገው፣ ክንዱ ያረፈበት ነገር ይኑር።

አክታ ላለባችሁ፣ በሃይል ከመሳል ይልቅ መነጽር ለመወልወል እንደምትሉት አፍ ከፍታችሁ "ሃህ" እያላችሁ ሁለት ሶስቴ አስወጡ፣ መሃል መሃሉን በዝግታ ተንፍሱ፣ ላይ ሲደርስ ያኔ ሳሉት።

ደረጃ 6፦ ደረጃ አወጣጥ እና "ጥሩ ቀን" የሚባለው ወጥመድ

ደረጃ ስትወጡ ቆማችሁ ሳቡ፣ እያስወጣችሁ ሁለት ደረጃ ውጡ፣ እንደገና ቆማችሁ ሳቡ። ዋናው ሚስጥር ግን ማረፍ ያለባችሁ ሳያፍናችሁ በፊት መሆኑ ነው። እኔ በየፎቁ ግማሽ መታጠፊያ ላይ ደከመኝም አልደከመኝም ቆሜ 20 መቁጠር ጀመርኩ፣ ሰው ያየኛል ብዬ አፍሬ ነበር፣ ግን ቤቴ የምደርሰው ከበፊቱ ቶሎ ሆነ ምክንያቱም በር ላይ ሩብ ሰዓት ቁጭ ማለቱ ቀረ።

ከዛ ወጥመዱ። አንድ ጠዋት ቀለል ብሏችሁ ትነሳላችሁ፣ ዛሬ ነው ብላችሁ ልብስ ታጥባላችሁ ቤት ታጸዳላችሁ መርካቶ ትሄዳላችሁ፣ በማግስቱ ወይ በሁለተኛው ቀን አልጋ ላይ ትወድቃላችሁ። ደብተራችሁ ላይ ይሄ ነገር ከተደጋገመ ማለትም ከስራ በኋላ ከአንድ እስከ ሶስት ቀን ዘግይቶ የሚጥል ድካም ካለ፣ እንደ ስፖርተኛ "በየቀኑ ትንሽ ጨምር" የሚለው ምክር ለእናንተ አይሆንም፣ ያባብሳል። እናንተ ከአቅማችሁ በታች መቆየት ነው ያለባችሁ፣ ስራውን ከፋፍሉት፣ አንዱን ለሌላ ሰው ስጡት፣ ቁጭ ብላችሁ ሽንኩርት ክተፉ፣ ቁጭ ብላችሁ ታጠቡ። ቤተሰብ "ሰነፈ" ካለ ይሄን አስነብቡት።

ይሄ አይነት መውደቅ የሌለባችሁ፣ ሐኪምም የፈቀደላችሁ፣ ሜዳ ላይ 5 ደቂቃ በመራመድ ጀምሩ። ልኩን የምታውቁት በንግግር ነው፣ እየሄዳችሁ ሙሉ አረፍተ ነገር መናገር ከቻላችሁ ልክ ናችሁ፣ ከቆራረጠባችሁ ቀንሱ። አንድ ሳምንት ያለችግር ካለፈ አንድ ሁለት ደቂቃ ጨምሩ። እኔ 5 ደቂቃዋን ወደ 30 ለማድረስ 5 ወር ፈጅቶብኛል።

ደረጃ 7፦ ጭሱን ከቤት ማስወጣት

ይሄን የውጭ መመሪያዎች አይነግሯችሁም ምክንያቱም እነሱ ቤት ከሰል የለም። የተጎዳ ሳንባ ይዞ ምድጃ ስር እንጀራ መጋገር ራስን መጉዳት ነው። ኤሌክትሪክ ምጣድ ከተቻለ፣ ካልተቻለ ሌላ ሰው ይጋግር፣ እሱም ካልሆነ ውጭ ወይ በር መስኮት ተከፍቶ። ቡናው ራሱ ችግር የለውም፣ ችግሩ ሲቆላ የሚወጣው ጭስ፣ ከሰሉና እጣኑ ነው። እማዬ እጣን የሌለበት ቡና ቡና አይደለም ባይ ናት፣ ብዙ ተከራክረን መጨረሻ ላይ በረንዳ ላይ ቆልታ እዛው አጭሳ እሳቱ ሲያልቅ እንድትገባ ተስማማን፣ "ልጄ ትንፋሽህ ይመለስ እንጂ" አለች። በዝግ ክፍል የገባ ከሰል ደግሞ ከጭሱ ሌላ ሽታ የሌለው መርዝ አለው፣ የኦክስጅን መለኪያዋ እሱን ለይታ አታውቀውም፣ እየተመረዛችሁም 97 ልታሳይ ትችላለች። ሲጋራና ሺሻ ያው ታውቁታላችሁ።

ደረጃ 8፦ ጉዞ ያለባችሁ

አውሮፕላን ውስጥ ያለው አየር እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ድረስ ያለውን ያህል ይሳሳል፣ አዲስ አበባ ለሚኖር ሰው ቤቱ እንደተቀመጠ ነው ማለት ይቻላል። የሚከብደው ከዲሲ፣ ከቴል አቪቭ፣ ከዱባይ ለምትመጡ ነው፣ እዛ 95 ሆናችሁ ምንም ሳይሰማችሁ ከርማችሁ ቦሌ ስትወርዱ አየሩ እንደ አውሮፕላኑ ሳስቶ ይጠብቃችኋል፣ ለሰዓታት ሳይሆን ለምትቆዩበት ሁሉ። ከመምጣታችሁ በፊት ሐኪማችሁን ከፍታው 2,350 ሜትር እንደሆነ ነግራችሁ አማክሩ፣ ኦክስጅን ያስፈልጋችሁ እንደሆነ የሚታይበት ምርመራ አለ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሶስት ቀናት ዘመድ ጥየቃ አትዙሩ፣ ዘመድ ይምጣ፣ ሻንጣ አትሸከሙ፣ ማረፊያ ስትመርጡ ምድር ቤት ወይ ሊፍት ያለው ይሁን። የኦክስጅን መለኪያዋን፣ መድሃኒቱንና ፓፍ (በአፍ የሚሳበው የሳንባ መድሃኒት) ካላችሁ እሱንም በእጅ ቦርሳ ያዙ፣ ሻንጣ ውስጥ አትክተቱት።